የደሴ ዲሽ ፊቱን ወደ ኮምቦልቻ

እህቴ፣ አብሽሪ። ኮምቦልቻ ያሉት እናትሽ ቴሌቪዥን "ኖ ሲግናል" ማለት ከጀመረ ወር እንዳለፈው ጽፈሻል። አዲስ ሪሲቨር በሰው ልስደድ ወይስ ገንዘቡን ብለሽም ጠይቀሻል። ለጊዜው ሁለቱንም አትስደጂ። ከዚያ በፊት የሚታይ ነገር አለ።

እኔ ከፍራንክፈርት ሆኜ ደሴ ላለችው እማዬ ሁለት ዓመት ሙሉ ለዲሽ ገንዘብ ስሰድ ኖሬያለሁ። ሦስት ጊዜ ዲሽ ሰሪ ተጠራ። አንዱ ኤልኤንቢውን፣ ዲሹ ፊት ያለችውን ሲግናል ተቀባይ፣ ቀየረ። ሁለተኛው ሪሲቨር አስገዛን። ሦስተኛው "ጦሳ ተራራ ነው የጋረዳችሁ፣ ትልቅ ዲሽ ያስፈልጋል" አለ። ባለፈው መስከረም ሄጄ ራሴ መሰላል ላይ ስወጣ ሌላ ነገር አገኘሁ። ዲሹ የቆመበት ብረት ጭቃው ግድግዳ ውስጥ ነው የተቀበረው። የክረምቱ ዝናብ አላልቶት ዘንበል ብሏል። ሪሲቨሩም ኤልኤንቢውም ደህና ነበሩ። የመጀመሪያዎቹም ጭምር።

ይሄን ሁሉ የምጽፈው ነገሩ ቀላል ስላልሆነ ነው። እኛ ስልካችን ላይ የፈለግነውን እናያለን። እማዬ ግን ልጆቿ ሁሉ ወጥተናል። ማታ ከሰላት በኋላ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የሰው ድምፅ ቴሌቪዥኑ ብቻ ነው። እሱ ሲጠፋ በጊዜ ትተኛለች። ስደውል ድምፅዋ ላይ ይታወቀኛል።

አሁን ወደ ዲሹ። የሀገር ቤት ቻናሎች ቀድሞ የሚታዩት በናይልሳት በኩል ነበር። በ2012 ዓ.ም. ኢትዮሳት የሚባለው የሀገር ቤት ቻናሎች የጋራ ሥርጭት ሲጀመር ኤንኤስኤስ 12 ወደሚባለው ሳተላይት መጡ። ሁለቱ ሳተላይቶች ያሉት በተለያየ አቅጣጫ ነው። ናይልሳት 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ነው። ኤንኤስኤስ 12 ደግሞ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ። ደሴ ላይ ሆናችሁ ስታስቡት፣ የድሮው ዲሽ ፊቱ ወደ ጦሳ ነው። የአሁኑ ደግሞ ጀርባውን ለጦሳ ሰጥቶ ወደ ኮምቦልቻ ያያል። በኮምፓስ 122 ዲግሪ ገደማ ነው፣ በምሥራቅና በደቡብ መካከል። ኮምቦልቻ ከደሴ ስትታይ ከዚያ ብዙም አትርቅም። ስለዚህ ደሴ ያለ ሰው ኮምፓስ ባይኖረውም ፊቱን ወደ ኮምቦልቻ አድርጎ ትንሽ ወደ ደቡብ ቢያዘነብል በቂ መነሻ አለው። ኮምቦልቻ ላይ ላሉት እናትሽ ግን ኮምፓስ ይሻላል። ቁጥሩ ያው ነው፣ በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ልዩነት ከቁጥር አይገባም።

"ጦሳ ጋረደን" የሚለውን ከብዙ ሰው ሰምቻለሁ። ለኢትዮሳት ፈጽሞ አይሆንም፣ ጦሳ ያለው በጀርባ በኩል ነው። የሚጋርደው ቅርብ ያለ ነገር ነው። አጠገባችሁ የበቀለ ባሕር ዛፍ ወይም ጎረቤት የጨመረው ፎቅ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ከፍታው ነው። ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ጋ ነው። አውሮፓ ዲሽ ያየ ሰው ዲሽ ማለት ግድግዳ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ነገር ይመስለዋል። ፍራንክፈርት ላይ አስትራ የሚባለውን የአውሮፓ ሳተላይት ለመያዝ ከአድማስ በላይ 32 ዲግሪ ገደማ ይበቃል። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ኢትዮሳት 66 ዲግሪ ላይ ነው። ወደ ሰማዩ አናት የተጠጋ ነው። በቪዲዮ ስታዩት ዲሹ ወደ ላይ ያንጋጠጠ ከመሰላችሁ ልክ ነው፣ ቀጥ አድርጉት አትበሉ። ደሴ ያለውን የእህቴን ልጅ አንድ ቀን እኔው በስልክ "ቀጥ አድርገው" ብዬው ያለችውን ትንሽ ሲግናል አጥፍተናል። ሌላም አለ። ኤልኤንቢው ከታች በኩል በክንድ የሚወጣለት ዓይነት ዲሽ ከሆነ፣ ሳህኑ ራሱ ከእውነተኛው ከፍታ ከ20 ዲግሪ በላይ ዝቅ ብሎ የሚያይ ይመስላል። አሠራሩ ነው። ከኋላ ያለው ማሰሪያ ላይ የተጻፈው ቁጥር ይሄን አስቦ የተሠራ ነው፣ እሱን እመኑ።

ቁጥሩ የሚሠራው ግን ብረቱ ቀጥ ብሎ ከቆመ ነው። ከሁሉም በፊት ቱምቢ (ክር ላይ የታሰረ ክብደት) አስጥሉ፣ በሁለት ጎን። ግንበኛ ጎረቤት ካለ ቱምቢም ውሃ ልክም አይጠፋም። የዘመመ ብረት ላይ ዲሽ ማስተካከል ድካም ብቻ ነው። ዲሹን ስታዞሩት ከፍታውም አብሮ ይለዋወጣልና። እኛ ብረቱን ነቅለን፣ ጉድጓድ አስቆፍረን፣ በሲሚንቶ ግቢው ውስጥ ተከልነው። ሁለት ቀን አስደረቅነው።

ከዚያ ሥራው ትዕግሥት ነው። ባለ 90 ሳንቲ ዲሽ በ2 ዲግሪ ከሳተ ምንም አይዝም። አንድ ዲግሪ ማለት ደግሞ የዲሹ ጠርዝ 8 ሚሊ ሲንቀሳቀስ ነው። በእጅ የሚታወቅ አይደለም። ስለዚህ የኋላ ቡሎኖቹን ላላ አድርጎ፣ ግን ዲሹ በራሱ ክብደት እንዳይወድቅ ትንሽ ያዝ አድርጎ፣ የጣት ጥፍር ያህል ብቻ ማንቀሳቀስ ነው። ከዚያ እጅን ማንሳት። እስከ አምስት መቁጠር። ሪሲቨሩ ሲግናሉን ለማወቅ ጊዜ ይፈልጋል። በቪዲዮ የምታዩት ከሆነ ደግሞ ምስሉ ራሱ ዘግይቶ ነው የሚደርሳችሁ። "አዎ አዎ፣ እዚያ ጋ!" ስትሉ ልጁ አልፎት ሄዷል። እኛ ከተጣላን በኋላ ነው ይሄን ያወቅነው።

ስክሪኑ ላይ ሁለት መስመር አለ። አንዱ ጥንካሬ ነው፣ ሌላው ጥራት። ጥንካሬውን ተዉት። ኬብሉ ከተሰካ ዲሹ ወደ ግድግዳ ቢዞርም ጥንካሬው 60 እና 70 ሊያሳይ ይችላል። የምትጠብቁት ጥራቱን ነው። እሱ ከዜሮ ሲነሳ ሳተላይት ተገኝቷል ማለት ነው። ጥራቱ መጥቶ ቻናሉ ሌላ ሀገር ከሆነ ደግሞ የተገኘው ጎረቤት ሳተላይት ነው፣ በዚያው አካባቢ ትንሽ መፈለግ ያስፈልጋል። ከመጀመራችሁ በፊት ጎረቤት ቤት ከሚሠራ ሪሲቨር ላይ የአንድ ቻናል ፍሪኩዌንሲና አብሮት ያለውን ቁጥር ጽፋችሁ አስገቡ። የኤልኤንቢ ዓይነቱ ዩኒቨርሳል፣ 9750 እና 10600 መሆኑንም እዩ። ሪሲቨሩን ሕፃናት ሲነካኩት የሌላ ዓይነት ኤልኤንቢ ቁጥር የሆነው 5150 ላይ ይሄድና ዲሹ ልክ ሆኖ ምንም ሳይመጣ ይቀራል።

ጥራቱ ትንሽ ከመጣ በኋላ ኤልኤንቢውን በአንገቱ ላይ አዙሩት። ይሄንንም ከአውሮፓ የመጣ ሰው አያስበውም። ፍራንክፈርት ላይ አስትራን ስንይዝ ብዙ ሳናዞረው ነው። እኛ ሀገር ለምድር ወገብ ቅርብ ነን፣ ሳተላይቱ ደግሞ በጎን ነው። ስለዚህ ብዙ መዞር ሊኖርበት ይችላል። ቀስ እያላችሁ፣ ጥራቱን እያያችሁ። የእማዬ ከ40 ወደ 70 የወጣው በዚህ ብቻ ነው። መጨረሻ ላይ ቡሎኑን ስታጠብቁ ጥራቱን እያያችሁ ይሁን፣ ዳዶ ሲጠብቅ ዲሹን ይጎትተዋል።

አንድ ደስ የሚል ነገር ላካፍላችሁ። በመስቀል ሰሞን፣ መስከረም 17 እና 18 ገደማ፣ ረፋድ ላይ 5 ሰዓት ሊሞላ ሲል፣ ፀሐይ ከደሴ ስትታይ ልክ ከሳተላይቱ ጀርባ ታልፋለች። ለጥቂት ደቂቃ ቴሌቪዥኑ ሊጠፋ ይችላል። ብልሽት አይደለም፣ ሰው አትጥሩ። በመጋቢት የመጀመሪያው ሳምንትም ከ5 ሰዓት ትንሽ አለፍ ሲል እንዲሁ ነው። በዚያች ሰዓት ዲሹን እዩት፣ ፀሐይዋን ግን በዓይናችሁ አትዩ። በትክክል የተስተካከለ ዲሽ የፀሐይዋን ብርሃን ሰብስቦ ኤልኤንቢው ፊት ላይ ያሳርፋል። የእማዬ ዲሽ ላይ ብርሃኑ ያረፈው ከኤልኤንቢው አራት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ ነበር። ብረቱ መዝመሙን ያወቅኩት በዚያ ነው። የዛፍ ወይም የግድግዳ ጥላ ዲሹ ላይ ካረፈም የሚጋርደውን አገኛችሁ።

ኬብሉን አትርሱ። ኤልኤንቢው ጋ ያለው መጋጠሚያ ውሃ ከገባበት ሐምሌና ነሐሴ ላይ በየቀኑ ይጠፋል። በናስትሮ በደንብ ጠቅልሉት፣ ኬብሉንም ወደ ታች ቀለስ አድርጋችሁ ውሃው እንዲንጠባጠብ። ኬብል ሲነቀልና ሲሰካ ሪሲቨሩ ከሶኬት ይነቀል። ከባድ ዝናብ ሲጥል ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ያ የዝናቡ ሥራ ነው፣ ሲያባራ ይመለሳል።

ጀርመን ላይ ኢትዮሳትን በዲሽ እንይዝ ወይ ላላችሁት፣ ጨረሩ የሚወርደው ወደ እኛ ሀገር ነው። እዚህ በኢንተርኔት እዩ፣ ዲሽ አትግዙ።

እህቴ፣ እናትሽ ጋ የሚመላለስ ልጅ ካለ የብረቱን ፎቶ በሁለት ጎን ያንሳልሽ። ክር ላይ ድንጋይ አስሮ ብረቱ አጠገብ አንጠልጥሎ ያንሳው። ፎቶውን ላኪልኝ። የዘመመ ከሆነ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሦስታችን በቪዲዮ እንገናኛለን። የእህቴ ልጅ ደሴ ነው፣ አሁን ጎበዝ ሆኗል፣ ሚኒባስ ይዞ ይወርድላችኋል።