የ99 ኮሮላ ከነቦሎው፦ ድሬ ላይ ከመግዛቴ በፊት የምርመራ ታሪኩን እንዴት ላጣራ?

ሳቢያን_02

ሰላም የድሬ ልጆች። አንድ የ1999 ሞዴል ኮሮላ (በፈረንጅ) እየተደራደርኩ ነው። ኮድ 2፣ ሞተሩ 1.6፣ ካምቢዮው ማንዋል፣ ቆጣሪው 186 ሺህ ይላል። የዘንድሮው ቦሎ መስታወቱ ላይ ተለጥፏል፣ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱም ጊዜው አላለፈም። ያለፉትን ዓመታት ምርመራ ስጠይቅ ሻጩ «ቦሎ አለው እኮ፣ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?» ይለኛል። ታሪኩን የት ሄጄ ነው የማየው? ቆጣሪውስ ይታመናል? ደግሞ ሻጩ ባለቤቱ አይደለም፣ በውክልና ነው የሚሸጠው።

ፋይል_ቤት

አቦ፣ ቦሎ የሚነግርህ መኪናው በዚያች ቀን ማለፉን ብቻ ነው። ፍሬኑ ተለካ፣ መብራቱ ታየ፣ ጭሱ ተለካ፣ አለፈ። ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ተነስቶ ያውቅ እንደሆነ ወይም ሻንሲው ተበይዶ እንደሆነ አይነግርህም። ለምርመራው ቀን ደህና ጎማ ተውሶ አስገጥሞ ማታ የሚመልስም ሞልቷል።

ታሪኩ ያለው ፋይሉ ውስጥ ነው። ፋይሉ የሚቀመጠው ደግሞ መኪናው በተመዘገበበት የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ነው፤ ታርጋው «ድሬ» ከሆነ እዚሁ፣ «ኦሮ» ወይም «ሶማ» ከሆነ እዚያው ክልል ሄደህ ነው። ለገዢ ብቻውን አይከፍቱለትም። ወኪሉን ከነውክልናውና ከነዋናው ሊብሬ ይዘኸው ሂድ። «ኮፒው ይበቃል» ካለህ ዋናው ሊብሬ የት እንዳለ ጠይቅ፤ መኪናው በብድር ተይዞ ከሆነ ባንክ ሊሆን ይችላል።

ፋይሉ ሲከፈት መጀመሪያ የምታየው የሻንሲና የሞተር ቁጥሩን ነው። ሊብሬው ላይ ያለው፣ ጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ ላይ ያለውና መኪናው ላይ የተመታው አንድ መሆን አለባቸው። በዚህ ኮሮላ የሻንሲ ቁጥሩ ኮፈኑን ስትከፍት በሞተሩና በካቢኔው መካከል ባለው ላሜራ ላይ ተመትቷል። ባትሪ መብራትና ደረቅ ጨርቅ ይዘህ ሂድ። ቁጥሮቹ በአንድ መስመር ላይ ካልሆኑ፣ ወይም ዙሪያው ላይ ከሌላው የተለየ ቀለም ወይም የሞላ መስመር ካለ ተወው፤ በተለይ እዚህ ምሥራቁ ላይ፣ የኮንትሮባንድ መኪና በሌላ መኪና ወረቀት ሊነዳ በሚችልበት አገር።

መነሻ ፊደሎቹም ይናገራሉ። ኤኢ111 (AE111) ካለ ሞተሩ 4ኤ ነው፣ 1.6። ኤኢ110 ካለ 5ኤ፣ 1.5። ኢኢ111 (EE111) ካለ 4ኢ፣ 1.3። የአንተው «1.6» ተብሎ ሻንሲው ኢኢ111 ከሆነ ሞተሩ ተቀይሯል ማለት ነው። መቀየሩ ወንጀል አይደለም፣ ግን ለውጡ ፋይሉ ውስጥና ሊብሬው ላይ መግባት አለበት። ካልገባ ስም ስታዛውር ቁጥር ሲነሳ ትያዛለህ።

ቀጥሎ ቦሎ ያልተወሰደባቸውን ዓመታት ፈልግ። ሁለት ዓመት ከዘለለ መኪናው ቆሞ ነበር ማለት ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱ ግጭት፣ የውርስ ክርክር ወይም የሞተ ሞተር ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ ጠይቅ፤ ያልተከፈለ ካለም ሻጩ ይክፈል። የአገልግሎት ለውጥም እይ፦ ከኮድ 1 ወደ ኮድ 2 የዞረ ከሆነ ታክሲ ነበር። በቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ ደግሞ ቀረጡ ሳይከፈል አይሸጥልህም። መጨረሻ ላይ ከዕዳና ከእግድ ነፃ መሆኑን በጽሑፍ ተቀበል፤ የአፍ «ንጹህ ነው» አይሠራም።

ቆጣሪውን በሒሳብ ያዘው። 186 ሺህ ለ25 ዓመት ስታካፍለው በዓመት 7,400 ገደማ ነው። ድሬና ሐረር በሳምንት ሦስት ቀን የሚመላለስ መኪና፣ መሄጃው 55 መመለሻው 55 ሲደመር፣ በዓመት 17 ሺህ ያልፋል። የዘይት ቅያሪ ካርዶች ካሉ በቀናቸው ደርድራቸው፤ ኪሎሜትሩ አንድ ቦታ ላይ ወደ ኋላ ከተመለሰ ተቆርጧል። የፍሪሲዮን ፔዳል ጎማው አልቆ ብረቱ እየታየ 186 ሺህ የሚባል ነገር የለም። አዲስ ከሆነ ደግሞ ለምን እንደተቀየረ ጠይቅ።

ደንገጎ_ዳገት

ወረቀቱን ከላይ በደንብ ተናግሮታል። እኔ በመኪናው ልሂድ።

ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ እዚያ ተገኝ። ሻጩ አስነስቶ አሙቆ ከጠበቀህ ለሌላ ቀን ቅጠረው። ለምን ብትል፣ የሚሞቅ መኪና ለመሸጥ የመጀመሪያው ዘዴ ቴርሞስታቱን (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋውን ቫልቭ) አውጥቶ መጣል ነው። ይህን በእጅህ ታውቀዋለህ፦ ቀዝቃዛውን ሞተር አስነስተህ የራዲያተሩን የላይኛውን ጎማ ያዝ (እጅህን ከፋኑ አርቅ)። ቴርሞስታት ካለው ጎማው ለደቂቃዎች ቀዝቃዛ ሆኖ ይቆይና ከ82 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ በድንገት ይሞቃል። ከሌለው ከሞተሩ ጋር አብሮ ቀስ በቀስ ይሞቃል፣ የሙቀት ጌጁም ቶሎ አይነሳም። ክዳኑን መክፈት ከፈለግህ ሞተሩ ሳይነሳ ክፈተው፤ ውሃው ላይ የዘይት ቅባት ካየህ፣ ወይም የዘይቱ ክዳን ሥር ቡና በወተት የመሰለ ነገር ካለ፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ) ጉዳይ ነው።

ከዚያ በቀትር፣ ኤሲው በርቶ፣ ደንገጎን (ከድሬ ወደ ሐረር የሚወስደውን ዳገት) ውጣ። ጫፍ ላይ አቁመህ ኤሲውን ብቻ አጥፍተህ፣ ሞተሩን ሳታጠፋ አምስት ደቂቃ ጠብቅ። ፋኑ መነሳትና መቆም አለበት፤ ጌጁ ከመሐል ማለፍ የለበትም። ስትመለስ በሁለተኛ ማርሽ ውረድ፣ ፍሬኑን ደግሞ ከመታጠፊያ በፊት እየያዝክ ፈትን፦ መሪው ከተንቀጠቀጠ ዲስኩ ተጣሟል፣ ወደ አንድ ጎን ከጎተተ አንዱ ካሊፐር ተይዟል። የምርመራ ወረቀቱ የግራና የቀኝ ፍሬን ልዩነት ካሳየ ከዚህ ጋር አስተያየው።

የተረፈው አጭር ነው። ማግኔት በጨርቅ ሸፍነህ በሮቹ ሥር አስጠጋ፤ ካልያዘ ስቱኮ (የተጎዳ ላሜራ መሙያ) ነው። ጎማው ላይ «ዶት» (DOT) ከሚለው ቀጥሎ ካለው ኮድ የመጨረሻዎቹ አራት ቁጥሮች የተሠራበት ሳምንትና ዓመት ናቸው። የደህንነት ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ጎትተህ አውጣው፤ የጎርፍ መስመር እዚያ ይቀራል፣ ምንጣፉ ሥር ደለል ይገኛል። የ1998ቱን (በእኛ አቆጣጠር) የድሬውን የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ያየ መኪና ዛሬም ሊሸጥ ይችላልና ቀልድ አይደለም።

ሳቢያን_02

አመሰግናለሁ። መካኒኩ ኮምፕሬሲዮን (በሲሊንደሮቹ ውስጥ ያለውን ግፊት) ለክቶ አራቱንም ከ10 እስከ 11 አገኘ፤ ኢንተርኔት ላይ 13.5 ይላል። ሞተሩ አልቋል ማለት ነው?

ደንገጎ_ዳገት

አላለቀም። 13.5 ኪሎ በካሬ ሳንቲሜትር የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ጠለል 87 በመቶ ገደማ ስለሆነ አዲስ ሞተር እንኳ 11.7 አካባቢ ያሳያል፣ ሐረር ላይ ደግሞ ወደ 10.8 ይወርዳል። ለ4ኤ ዋናው ነገር በሲሊንደሮቹ መካከል ከ1 በላይ ልዩነት አለመኖሩ ነው። መካኒኩ አራቱንም ካንዴላ አውጥቶ፣ ሞተሩ ሞቆ፣ ቤንዚን ፔዳሉን እስከ ታች ረግጦ ለክቶ ከሆነ ቁጥሩ እውነት ነው። አንዱ ዝቅ ካለ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምር፤ ከፍ ካለ ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) ነው፣ ካልተነሳ ቫልቭ ነው።

ቺንጊያው (የታይሚንግ ቀበቶው) መቼ እንደተቀየረ ግን ጠይቅ። በየ100 ሺህ ኪሎሜትር ይቀየራል። ቢበጠስ 4ኤ ቫልቭ አይመታም፣ ግን ደንገጎ መሐል ያቆምሃል።

ጀጎል_5

ውክልናው ቀረ። መሸጥን፣ ስም ማዛወርንና ገንዘብ መቀበልን በግልጽ መጥቀስ አለበት። እንዳልተሻረ ውክልናውን ከሰጠው ቢሮ አረጋግጥ፤ ወካዩ ከሞተ ደግሞ ውክልናው ያበቃል፣ ስለዚህ በስልክም ቢሆን ባለቤቱን አናግረው። ያገባ ከሆነ የትዳር ጓደኛ ስምምነት፣ ካላገባ የምስክር ወረቀት ይጠየቃል። ድሬ ላይ ውሉን የፌዴራሉ የሰነዶች ማረጋገጫ ቅርንጫፍ ያጸድቀዋል። ቀብድ ከሰጠህ ውሉ ላይ «የፋይል ማጣሪያው እግድ ካሳየ ቀብዱ ይመለሳል» የሚል ሐረግ አስገባ፣ ቀሪውንም ስሙ ሲዛወር በባንክ ክፈል።