በደወሌ በኩል ጅቡቲ ገብቶ ሙሻ ደሴት ላይ ማደር፦ የሄዳችሁበት ምከሩን

ሳቢያን፦

ሰላም ለሁላችሁ። እኔና ባለቤቴ በመጪው ጥር፣ የጥምቀት ግርግር ካለፈ በኋላ፣ የራሳችንን መኪና ይዘን ከድሬዳዋ በደወሌ በኩል ጅቡቲ ለመግባት፣ መኪናውን ከተማው ውስጥ አቁመንም በጀልባ ወደ ሙሻ ደሴት ተሻግረን ሁለት ሌሊት ለማደር አስበናል። ስለ ደሴቷ የሚያወራ ሰው ሁሉ ነጩን አሸዋ ያነሳል፤ እኛን የሳበን ግን ከውሃው በታች ያለው ኮራል ነው። እኔ የአየር ጋን ተሸክሞ የመጥለቅ ትምህርት ተከታትዬ የምስክር ወረቀት አለኝ። ባለቤቴ ግን ዋና ካለመቻሏም በላይ ጥልቅ ውሃ ትፈራለች። መንገዱን በራሳችን መኪና ብንሄድ ይሻላል ወይስ በባቡር? ዋና የማይችል ሰው ኮራሉን የሚያይበት ዘዴ አለ? በመጨረሻው ቀን ማለዳ አንድ ጊዜ ጠልቄ፣ ከቀትር በፊት ወደ ከተማ ተመልሰን በዚያው ዕለት ድሬዳዋ ለመግባትስ ጊዜው ይበቃናል?

ሾፌሩ፦

በድሬ ወግ «አንተ» ብዬ ብጽፍልህ ቅር እንደማይልህ አምናለሁ። በእኔ አስተያየት መኪናችሁን ይዛችሁ ብትሄዱ ይሻላል። ከድሬዳዋ እስከ ደወሌ ያለው 220 ኪሎ ሜትር ገደማ የክፍያ መንገድ ሲሆን፣ ሺኒሌን፣ አዲጋላንና አይሻን እያለፈ የሚሄድ ደህና አስፋልት ነው። መንገዱ ቀጥ ያለና ጭር ያለ ስለሆነ ሰው ሳይታወቀው ፍጥነት ይጨምራል፤ አደጋው የሚመጣውም በዚሁ ምክንያት ነው። ግመል መንገድ ስትሻገር የምታየው መኪናህን ሳይሆን ከፊቷ የቀደመችውን ነው፤ አንዷ ካለፈች የቀሩት መከተላቸው ስለማይቀር ጡሩምባ ከመንፋት ቆሞ ሁሉንም ማሳለፍ ይበጃል። በዚሁ ምክንያት በማለዳ ተነሱ፤ ማታ ማታ በዚያ መንገድ አትንዱ።

ከመንገዱ ይልቅ የሚያደክመው ወረቀቱ ነው። ከፓስፖርትና ከቪዛ ሌላ ሊብሬው በእጅህ ይሁን፤ መኪናው በሌላ ሰው ስም ከሆነ ውክልና ያስፈልግሃል። የአገር ውስጡ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ከድንበር ወዲያ ስለማያገለግል ከኢንሹራንስ ኩባንያህ የኮሜሳን፣ ማለትም የምሥራቅና ደቡብ አፍሪካ የጋራ ገበያን፣ ቢጫ የኢንሹራንስ ካርድ ግዛ፤ ጅቡቲም የዚህ ስምምነት አባል ናት። መኪናው በጊዜያዊነት ከአገር ስለሚወጣበት ሰነድ ደግሞ ድንበር ደርሰህ ከመጨቃጨቅ ድሬዳዋ ያለውን የጉምሩክ ቅርንጫፍ አስቀድመህ ጠይቅ። ከደወሌ ወዲያ ጌሊሌ የሚባለው የጅቡቲ ኬላ አለ፤ ቀጥሎ አሊ ሳቢህን ታገኛለህ። በዋናው መንገድ ከሄድክ ግራንድ ባራ የሚባለውን ሰፊ ደረቅ ሜዳ ታቋርጣለህ፤ በቀትር ሲያዩት ውሃ የተኛበት ስለሚመስል ባለቤትህ «ባሕር ደረስን?» ብትልህ አትሳቅባት። ስኮርታ ጎማውን መንፋቱንና ሁለት ጀሪካን ውሃ መጫንህን አትርሳ።

ለገሀር፦

ከሾፌሩ ጋር በአንድ ነገር አልስማማም። የመኪናው ወረቀት ልብ የሚያደርቅ ሆኖ ከታያችሁ ባቡሩ የሚናቅ አይደለም። ጣቢያው ከድሬዳዋ ከተማ ውጭ፣ የጅቡቲውም ናጋድ የሚባለው ጣቢያ እንዲሁ ከመሃል ከተማው ራቅ ያለ ስለሆነ በሁለቱም በኩል የታክሲ ሒሳብ ጨምራችሁ አስቡ፤ የመነሻ ሰዓቱ ስለሚለዋወጥም ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት ጣቢያው ድረስ ሄዳችሁ አረጋግጡ።

ወሩን በደንብ መርጣችኋል። ከግንቦት እስከ መስከረም ጅቡቲ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍባቸው ቀናት ይበዛሉ፤ ድሬዳዋ ያደገ ሰው እንኳ ይሸነፋል። ቀኑን ግን አስተካክሉ። እዚያ የሳምንቱ ዕረፍት ዓርብና ቅዳሜ ስለሆነ በእነዚህ ቀናት የከተማው ቤተሰብና ከውጭ ጦር ሰፈሮች የሚመጡ ወታደሮች ደሴቷን ያጨናንቋታል። እሑድ ብትሻገሩ ባሕር ዳርቻው የእናንተ ብቻ ሊሆን ይችላል። ጀልባውንም በጠዋት ያዙ፤ ደሴቷ ከከተማው 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅም ከቀትር በኋላ ነፋስ ከተነሳ ማዕበሉ ልብስ ያረጥባል፤ ባሕር ለማያውቅ ሰውም ያስፈራል።

ሙሻ ዝቅ ያለች፣ ራሷም ከኮራል የተሠራች ደሴት ናት፤ በአንድ ወገኗ ሥራቸው ጨው ውሃ ውስጥ የቆመ የማንግሮቭ ዛፎች አሏት። እ.ኤ.አ. በ1840 እንግሊዞች በአሥር ጆንያ ሩዝ ገዟት ይባላል፤ ኋላ ለፈረንሳይ ለቀቋት። የዛሬው የአንድ ሌሊት ማደሪያ ዋጋ ከዚያ ሩዝ ሳይበልጥ አይቀርም። ደግሞም የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር በቋሚ ምንዛሪ፣ አንድ ዶላር በ177.7 ፍራንክ ገደማ ስለታሰረ፣ ዋጋውን በብር እየመነዘራችሁ አትጨነቁ። የመጠጥ ውሃና ፍራፍሬ ከከተማ ይዛችሁ ተሻገሩ። ለእኔ ግን ሁለት ሌሊት ይበዛል፤ አንዱን ሌሊት ከተማው ውስጥ ብታድሩ ይሻላችኋል።

ጀጎል፦

ሌላው ሁሉ ይቆይና፣ የመጨረሻውን ቀን ዕቅድዎን እባክዎ ይለውጡ። ጉዳዩ የጊዜ ማነስ ሳይሆን የጤና ነው። የአየር ጋን ይዞ የጠለቀ ሰው በግፊት ምክንያት ናይትሮጂን በሰውነቱ ውስጥ ይሟሟል፤ ይህ ጋዝ ቀስ በቀስ በትንፋሽ እስኪወጣ ድረስ ወደ ከፍታ መውጣት አይገባም፤ ያለዚያ በደምና በመገጣጠሚያ ውስጥ አረፋ እየሆነ ከባድ ሕመም፣ አንዳንዴም ሽባነት ያመጣል። ሰዎች ይህን የሚያስታውሱት አውሮፕላን ሲሳፈሩ ብቻ ነው። የእኛ መንገድ ግን ራሱ አውሮፕላን ነው፤ ከባሕር ወለል ተነስቶ አሊ ሳቢህ ላይ 700 ሜትር ገደማ ይደርሳል፣ ድሬዳዋ ሲገባ ወደ 1,200 ሜትር ይጠጋል፤ እንደ እኔ ሐረር የሚገባ ሰው ደግሞ ደንገጎን አልፎ 1,885 ሜትር ላይ ያድራል። የጠላቂዎች መመሪያ ለአንድ ጊዜ ጥልቀት ቢያንስ 12 ሰዓት፣ በተከታታይ ለጠለቀ ቢያንስ 18 ሰዓት መጠበቅን ይመክራል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ይጥለቁ፤ የመጨረሻውን ቀን ለመንሳፈፍ ይተዉት። መነጽርና መተንፈሻ ቱቦ አድርጎ ከውሃው ወለል ላይ መንሳፈፍ ይህ ችግር የለበትም። አቶ ለገሀር የበዛባቸው ሁለተኛው ሌሊትም ለእርስዎ እንግዲህ ጠቃሚ ሆነ ማለት ነው።

ስለ ባለቤትዎ አይስጉ። ብዙው ኮራል ብርሃን ስለሚፈልግ ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ነው የሚገኘው፤ ወገብ በሚደርስ ውሃ ውስጥ ላይፍ ጃኬት ለብሳ ፊቷን ብቻ ብታጠልቅ በቂ ታያለች። ከጉዞው በፊት ግን ድሬዳዋ ካሉት የሆቴል ገንዳዎች በአንዱ መነጽሩንና ቱቦውን ትልመድ፤ የሚያስደነግጠው ጥልቀቱ ሳይሆን በአፍ ብቻ መተንፈሱ ነው። መነጽሩ እንዳይደበዝዝ ውስጡን በምራቅ አሽታ በባሕር ውሃ ታለቅልቀው፤ ቢያስጠላትም ይሠራል። ዝም ብላ ካዳመጠች ደግሞ ቆርጠም ቆርጠም የሚል ድምፅ ትሰማለች፤ ፓሮት ፊሽ የሚባለው ባለቀለም ዓሣ ኮራሉን በጥርሱ ሲግጥ ነው። የገጠውን ድንጋይ ፈጭቶ ያወጣዋል፤ ሁሉም ከሚያወራለት ነጭ አሸዋ ከፊሉ የዚህ ዓሣ ሥራ ነው።

ኮራሉን ግን አትንኩት፣ አትርገጡትም። ድንጋይ ቢመስልም እንስሳ ነው፤ በዓመት ከአንድ ሴንቲ ሜትር በታች የሚያድጉ ዓይነቶች ስላሉ በአንድ እርግጫ የተሰበረው ለመተካት ዓመታት ይፈጃል። ውሃው ሲሸሽ ወደ ውስጥ መራመድ ስለሚያምራችሁ ሶሉ ወፍራም የሆነ የባሕር ጫማ ያስፈልጋችኋል፤ እሾሃማ የባሕር እንስሳትና ድንጋይ መስሎ የሚተኛ መርዛማ ዓሣ አሉና። ለፀሐዩ ከቅባት ይልቅ እጅጌ ሙሉ ቲሸርት ይሻላል።

ሳቢያን፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የከፍታውን ነገር አውሮፕላን ላይ ብቻ ነበር የማስበው። እንግዲያው እሑድ ጠዋት ተሻግረን በዚያው ቀን እጠልቃለሁ፣ ሰኞን ከባለቤቴ ጋር እየተንሳፈፍን እናሳልፍና ማክሰኞ እንነሳለን። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ፤ ደሴቷ ላይ ስንሆን መኪናውን የት ማቆም ይሻላል?

ሾፌሩ፦

ጀልባዎቹ ከሚነሱበት ወደብ አጠገብ ጥላ ያለበት ቦታ አታገኝም። ቅዳሜ ማታ ግቢ ባለው ሆቴል እደሩና መኪናውን እዚያው ለመተው ክፍል ስትይዝ ተስማማ፤ ጥበቃዎቹ ውስጥ አማርኛ የሚናገር አይጠፋም። የቁልፉን ነገር ግን አደራ፤ አሸዋ ላይ የወደቀ ቁልፍ ስለማይገኝ መለዋወጫውን ሆቴሉ ዘንድ በፖስታ አሽገህ ተው።