ካምፓኒ ኦፍ ሂሮስ 2፦ ማፑን በሙሉ ከተቀማሁ በኋላ መመለሻ አለው ወይ?

ዳጊ 13፦
ሰላም ናችሁ? ካምፓኒ ኦፍ ሂሮስ 2ን (የሁለተኛው ዓለም ጦርነት የስትራቴጂ ጌም) አንድ ለአንድ ነው የምጫወተው፣ የሶቭየትን ጦር ይዤ። መጀመሪያ ላይ ጥሩ እሄዳለሁ ከዛ 10ኛው ደቂቃ አካባቢ አንድ ውጊያ እሸነፍና ማፑ በሙሉ ቀይ (የሱ) ይሆናል። ትናንት ማታ ከ500 ቪፒ (ቀድሞ ያለቀበት የሚሸነፍበት የድል ነጥብ) እኔ 210 ቀርቶኛል እሱ ገና 430 ላይ ነው፣ ሶስቱንም የቪፒ ባንዲራ ይዞብኛል፣ የመሀሉን ላስመልስ ብዬ አራት ስኳድ (ቡድን) ኮንስክሪፕት፣ ተራ እግረኛ ማለት ነው፣ ብልክ፣ ቤት ውስጥ የገባ ኤምጂ 42 መትረየስ ሁለቱን ስኳድ እዛው ጨረሰብኝ። ጂጂ (“ጥሩ ጨዋታ ነበር”) ብዬ ወጣሁ። እንዲህ ሲሆን ምን ይደረጋል?

አባ ፈንጂ፦
በ210 አይወጣም ወንድሜ! መጀመሪያ ቁጥሩን እይ። ሶስቱንም ባንዲራ ሲይዝብህ ነው ቪፒህ በፍጥነት የሚወርደው፣ አንዷን እንኳ ከነጠቅከው ይቀንሳል፣ አንድ አንድ ይዛችሁ ሶስተኛዋ የማንም ካልሆነች ደግሞ የማንም ቪፒ አይወርድም። ስለዚህ የመሀሉን ተወው፣ ኤምጂው እዛ ነው ያለው፣ ከጦሩ የራቀችውን የዳር ባንዲራ ሂድባት።

ሚጡ፦
እኔ ደግሞ የምልህ ባንዲራ ብቻ አትይ፣ መንገዱን ቁረጥበት። ሴክተሩ (ማፑ የተከፋፈለበት መሬት) ከዋናው ቤዙ (ሰፈሩ) ጋር በተያያዘ መሬት ካልተገናኘ ነዳጅም ሙኒሽንም (ጥይትም) አይገባለትም። ታክቲካል ማፑን ክፈትና ድንበሮቹን በጣትህ ተከተል፣ ብዙ ማፕ ላይ የነዳጁን ቦታ ከቤዙ ጋር የምታገናኝ አንዲት ቀጭን ሴክተር አለች። እሷን ሙሉ በሙሉ መያዝም የለብህም፣ የሱ ቀለም ከጠፋላት ይበቃል፣ ከኋላዋ ያለው ሁሉ ተቆረጠ ማለት ነው። አንድ ኮንስክሪፕት ላክ፣ እሱ ለማስመለስ ሰው ሲመልስ ፊት ለፊት ያለው ጦሩ ይሳሳልሃል።

ኬቢ፦
ሚጡ ያለችው ልክ ነው ግን ስኳዶቹ ከሞቱበት በምን ይቆርጣል? ዳጊ ችግርህ ሪትሪት (ማፈግፈግ) ዘግይተህ መጫንህ ነው። ከስኳዱ ሁለት ሰው ሲቀር ቲን (T) ተጫን፣ ቤዝ ሄደህ ሰው መሙላት አዲስ ስኳድ ከመግዛት በጣም ይረክሳል፣ ያገኘው ቬተራንሲም (የውጊያ ልምድ) አይጠፋም። ሌላው ደግሞ ትልቅ ጦር ያለው ሰው አፕኪፕ (የጦር ማቆያ ወጪ) ስላለበት በደቂቃ የሚገባለት ማንፓወር (ወታደር መግዣ) ይቀንሳል፣ አንተ ጦርህ ስላነሰ የተሻለ ይገባልሃል። ነዳጅ ግን የለህም፣ ስለዚህ ታንክ አትመኝ፣ ዚስ ፀረ ታንክ መድፍ አውጣ፣ ማንፓወር ብቻ ነው የሚፈልገው፣ ሰዎቹ ሲመቱበት ኮንስክሪፕቱን መርጅ አድርገህ (ከነሱ ጋር አዋህደህ) እዛው ሜዳ ላይ ሙላው።

ሮባ ቲ፦
ይሄ የአፕኪፕ ነገር ለኔ አይዋጥልኝም። ለፍቼ አሸንፌ ለምን ገቢዬ ይቀነሳል? ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስ 2 የሚባለው ጌም ላይ ብዙ ቪሌጀር (ሀብት ሰብሳቢ ሰራተኛ) ያለው ብዙ ይሰበስባል፣ አለቀ።

ኬቢ፦
@ሮባ ነዳጁና ሙኒሽኑ እኮ አይነካበትም፣ ታንክ ቀድሞ የሚያወጣው መሬት የያዘው ነው። ለተሸናፊው የሚሰጠው እግረኛና ትንሽ ጊዜ ነው፣ ያንን ካልተጠቀመበት በፓንዘር 4 ታንክ ያልቃል። ያ ባይኖር የመጀመሪያውን ውጊያ የተሸነፈ ሁሉ 10ኛው ደቂቃ ላይ ይወጣ ነበር፣ ማንም ሰው ጌም እስከ መጨረሻው አይጫወትልህም።

ዳጊ 13፦
ዛሬ ሁለት ጌም ሞከርኩት። አንዱን ተሸነፍኩ፣ ሁለተኛው ላይ እኔ 160 እሱ 390 እያለን የግራውን ባንዲራ ይዤ ነዳጁን ቆረጥኩበትና ፓንዘሩ እስኪመጣ ሁለት ዚስ ደርሶልኝ ነበር፣ ታንኩ አጥሩን ሰብሮ ሲገባ ሁለቱም በአንዴ ተኮሱበት፣ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር እውነቴን ነው። 38 ሲቀረኝ አሸነፍኩ!! ተባረኩ። አንድ ጥያቄ ቀረኝ፣ ማይን (ፈንጂ) የት ልቅበር?

አባ ፈንጂ፦
እንኳን ደስ ያለህ! የቆረጥካትን ሴክተር ለማስመለስ የሚመጣበት መንገድ ላይ፣ ከቤዙ መውጫ ትንሽ ራቅ አድርገህ። 30 ሙኒሽን ነው፣ ታንክ ከረገጠው ሞተሩ ይጎዳና ይንቀራፈፋል፣ ስለዚህ ዚሱ የሚደርስበት ርቀት ላይ ይሁን።