የሰኔ 30 ከፋዮች የት ገቡ?

ባለ ሦስተኛ ፎቅ፦
ትናንት በቦሌ አራብሳ የጋራ ሕንፃችን መግቢያ ላይ የተለጠፈውን ዝርዝር አይቶ ያልተበሳጨ ካለ ይንገረኝ። ኮሚቴው የ2017 በጀት ዓመት የጥበቃና የጽዳት መዋጮ «እስከ ሰኔ 30 የከፈሉ» ብሎ ባወጣው ዝርዝር ውስጥ ሰኔ 30 ቀን የከፈለ ጎረቤት የለም፤ ሁላችንም ያልከፈልን ተብለን ቅጣት ተጽፎብናል። የእኔ ደረሰኝ 07/07/2025፣ 14:14 ይላል። ይህም ሰኔ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቀኑ 8 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ነው። ስንጠይቅ የተሰጠን መልስ «የጎደለው የአንድ ቀን መዝገብ ብቻ ነው፤ አጠቃላይ ውጤቱን አይለውጠውም» የሚል ነበር። መልሱን የሰጠው ክፍያውን የሚቆጥረውን ፕሮግራም የሠራው ልጅ ስለሆነና እሱም እዚህ ስላለ፣ እንዴት እንደቆጠረ ለሁላችንም ያስረዳ።

ኮደር ዘአራብሳ፦
የሚደበቅ ነገር የለም። ኩዌሪው፣ ማለትም ለመረጃ ቋቱ (ለዳታቤዙ) የሚቀርበው ጥያቄ፣ የክፍያው ጊዜ በ2024-07-08 እና በ2025-07-07 መካከል የሆኑትን መዝገቦች በቢትዊን («በመካከል» በሚለው ትእዛዝ) አጣርቶ በካውንት («ቁጠር» በሚለው) ይቆጥራል። ሐምሌ 1 ጁላይ 8፣ ሰኔ 30 ደግሞ ጁላይ 7 ላይ ስለሚውል ቀኖቹ ትክክል ናቸው። ቢትዊን ሁለቱንም ጫፎች እንደሚያካትት ደግሞ የፈለገ ሰው መመሪያውን ከፍቶ ማንበብ ይችላል። ፕሮግራሙን ያለ አንዳች ክፍያ መሥራቴንም የሚያስታውስ ሰው ቢኖር ደስ ይለኛል።

የሰሚቷ፦
ወንድሜ፣ ቢትዊን ሁለቱንም ጫፎች ማካተቱን የካደ የለም። ያንተ የክፍያ ጊዜ ኮለም (የሰንጠረዡ ዓምድ) ግን ቀንን ብቻ ሳይሆን ሰዓትንም የሚይዝ በመሆኑ፣ 2025-07-07 ብለህ ብቻ ስትሰጠው ዳታቤዙ የሚረዳው የዚያን ዕለት ዜሮ ሰዓት ከዜሮ ደቂቃ (እኩለ ሌሊት) ነው። ስለዚህ ያካተትከው ሰኔ 30 የጀመረባትን ቅጽበት እንጂ ሰኔ 30ን አይደለም፤ ከዚያች ቅጽበት በኋላ የከፈለ ሁሉ ውጭ ቀርቷል። ይህ እንዲያውም የታወቀ ጉድጓድ ነው፤ የጃንጎ (የድረ ገጽ ፕሮግራም መሥሪያ) መመሪያ ሰዓት ያለውን ፊልድ (ኮለም) በቀን ብቻ ብታጣሩት የመጨረሻው ቀን አይገባም ብሎ በግልጽ ያስጠነቅቃል። መፍትሔው የታችኛውን ጫፍ «ከሐምሌ 1 ጀምሮ»፣ የላይኛውን ደግሞ «ከሚቀጥለው ሐምሌ 1 በፊት» ማድረግ ነው።

ገንዘብ ያዥ፦
በዚህ መንደር በነጻ የሚሠራ ሰው ስድብ እንጂ ምስጋና እንደማያተርፍ ዛሬ በድጋሚ አየን። በደብተር ስንመዘግብ በነበረበት ጊዜ ስንት ደረሰኝ እንደጠፋ የማታስታውሱ አይመስለኝም። የአንድ ቀን መዝገብ ጎደለ ተብሎ ዓመቱን ሙሉ የተደከመበት ሥራ መናቅ የለበትም።

ባለ ሦስተኛ ፎቅ፦
«የአንድ ቀን መዝገብ» የምትለው ሐረግ እርስዎም ጋ ደረሰች ማለት ነው። ያ አንድ ቀን የትኛው እንደሆነ እንነጋገር። ሰኔ 30 ሰኞ ነበር፤ ቅዳሜና እሑድ ለቅሶም ሰርግም የነበረበት፣ ደመወዙን የጠበቀም ሁሉ የከፈለው በመጨረሻዋ ዕለት ነው። ከ365 ቀን አንዱ ነው ብሎ ማካፈል የሚሠራው ሰው ዓመቱን ሙሉ በእኩል መጠን የሚከፍል ቢሆን ነው። የመክፈያ ቀነ ገደብ ያለው ነገር ሁሉ ሕዝቡ የሚሰበሰበው ጫፉ ላይ መሆኑን እቁብ የጣለ ሰው ያውቀዋል።

ኮደር ዘአራብሳ፦
እሺ፣ ነገሩ ይህን ያህል ካስጨነቃችሁ በላይኛው ጫፍ ላይ 23:59:59 እጨምርበታለሁ፤ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

የሰሚቷ፦
እሱ መጣፊያ እንጂ ጥገና አይደለም። ሰዓቱ ከሰከንድ በታች ክፍልፋይ የሚይዝ ከሆነ፣ ከዚያች የመጨረሻ ሰከንድ በኋላ ያለው ክፍልፋይ አሁንም ያመልጥሃል። ኤስኪውኤል ሰርቨር በሚባለው ዳታቤዝ አሮጌው ዴትታይም (የቀንና ሰዓት ኮለም ዓይነት) ደግሞ 23:59:59.999 ብለህ ብትጽፍ ወደ ማግስቱ ዜሮ ሰዓት ያጠጋጋውና የሐምሌ 1ን ከፋይ ይጨምርብሃል። ይልቅስ አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ ሰርቨርህ ጊዜውን የሚመዘግበው በአዲስ አበባ ሰዓት ነው ወይስ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት)?

ኮደር ዘአራብሳ፦
በዩቲሲ ነው፤ ትክክለኛው አሠራርም ይኸው መሆኑን የምታውቂ መስሎኝ ነበር።

የሰሚቷ፦
አውቃለሁ፤ በዩቲሲ ማስቀመጥህን ሳይሆን በዩቲሲ መጠየቅህን ነው የምቃወመው። እኛ ከዩቲሲ በ3 ሰዓት ስለምንቀድም፣ ያንተ ዜሮ ሰዓት ለአራብሳ ነዋሪ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። የላይኛውን ጫፍ እኔ እንዳልኩህ ወደ 2025-07-08 ብትገፋውና ታይምዞኑን (የሰዓት ክልሉን) ብትተወው፣ ሐምሌ 1 ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ሰዓት የከፈለ ሰው በጊዜው እንደከፈለ ይቆጠርለታል፤ በዓመቱ መጀመሪያ በእነዚያው ሰዓቶች የከፈለው ደግሞ ወደ 2016 በጀት ዓመት ይጣላል። በዩቲሲ ትክክለኛው ወሰን ከ2024-07-07፣ 21:00 ጀምሮ ከ2025-07-07፣ 21:00 በፊት ያለው ነው።

ገንዘብ ያዥ፦
ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተነሥቶ የጽዳት መዋጮ የሚከፍል ጎረቤት ካለ ስሙን ንገሩኝና ልሸልመው።

ባለ ሦስተኛ ፎቅ፦
መብራት ምሽቱን ሙሉ ጠፍቶ፣ ኔትወርክ እኩለ ሌሊት ላይ ሲመለስ በቴሌብር የከፈሉ ሰዎች እኛ ብሎክ ውስጥ አሉ። ሽልማቱን ለእነሱ ይስጡልን፤ ቅጣቱን ካነሡልን በኋላ።

ሀገሬ በቀን መቁጠሪያዋ፦
ይህ ሁሉ መከራ የመጣው ሰኔ 30ን ጁላይ 7 ብለን ስለምንጽፍ ነው። የበጀት ዓመቱ የእኛ፣ ቀነ ገደቡ የእኛ፣ ከፋዩ የእኛ ሆኖ ሳለ ዳታቤዙ የባዕድ ቀን የሚይዝበት ምክንያት አይገባኝም። በየመንግሥት መሥሪያ ቤቱም ችግሩ ይኸው ነው። 30/10/2017 ብሎ በቀጥታ መመዝገብ ምን ይከለክላል?

የሰሚቷ፦
የሚከለክለው ነገር አለመኖሩ ነው አደጋው። ቀንን አስቀድሞ እንዲያነብ የተዘጋጀ የቀን ኮለም 30/10/2017ን ሲቀበል ሰኔ 30 ብሎ ሳይሆን ኦክቶበር 30 ብሎ ይይዘዋል፤ ስሕተት የሚል ቃል አታይም። እንቢ የሚልህ ጥቅምት 29 እና 30 ሲመጡ ነው፣ ምክንያቱም ጥቅምት 2ኛ ወር ስለሆነ ፌብሩዋሪ ተብሎ ይነበባል፣ ፌብሩዋሪ 2017 ደግሞ የነበረው 28 ቀን ነው፤ ጳጉሜን ደግሞ 13ኛ ወር ስለሆነች ከነጭራሹ አይቀበላትም። በጽሑፍ መልክ ላስቀምጠው ካልክም 01/11/2017 ከ30/10/2017 በፊት ይመጣል፤ ማሽኑ ጽሑፍን የሚያወዳድረው ከመጀመሪያው ፊደል ጀምሮ ነውና ሐምሌ 1 ከሰኔ 30 ይቀድምብሃል።

ሀገሬ በቀን መቁጠሪያዋ፦
እኅቴ፣ ዓመቱን አስቀድመሽ 2017-10-30 ብለሽ ብትጽፊው ቅደም ተከተሉ አይዛባም፤ ጳጉሜንም 13 ብላ በክብር ትቀመጣለች። ሳይሞከር አይቻልም ማለት የተለመደ ነው።

የሰሚቷ፦
ለቅደም ተከተልና ለመቁጠር ይሠራል፤ በዚህ እንስማማለን። ቅጣቱ ግን በዘገየው ቀን ልክ የሚሰላ ስለሆነ ከነሐሴ 28 እስከ መስከረም 3 ስንት ቀን እንደሆነ ያንን ጽሑፍ ብትጠይቀው አይመልስልህም፤ ጳጉሜን 5 ናት ወይስ 6 የሚለውን ራስህ ልታሰላለት ነው። የክፍያ መረጃውም የሚመጣልን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ስለሆነ መለወጥ አይቀርም፤ መስከረም 1 ደግሞ ጳጉሜን 6 በሆነች ማግስት፣ ለምሳሌ በ2016፣ ሴፕቴምበር 12 ላይ ስለሚውል በደፈናው ቀን መደመር አያዋጣም። እያንዳንዱን ዕለት በአንድ ረድፍ የያዘ፣ ሁለቱን አቆጣጠሮች ጎን ለጎን የሚያሳይ አንድ ሰንጠረዥ ቢኖር ሁላችሁም ታርፋላችሁ።

ጡረተኛው ኦዲተር፦
ስለ ጫፎቹ ብዙ ተባለ፤ እኔን ያሳሰበኝ ግን የሚቆጠረው ነገር ራሱ ነው። ዝርዝሩ ላይ «የከፋዮች ብዛት» ተብሎ የተጻፈውን ቁጥር ይዤ በየፎቁ ስዞር፣ ከእኛ ብሎክ በሁለት ጊዜ የከፈሉ ጎረቤቶች ሁለት ሰው ሆነው መቆጠራቸውን አረጋገጥሁ። ካውንት የቆጠረው ክፍያን እንጂ ቤትን አይደለም። ስለዚህ በአንድ በኩል የሰኔ 30 ከፋዮች ሲጎድሉ፣ በሌላ በኩል በከፊል በከፊል የከፈሉት ተደርበው፣ ሁለቱ ስሕተቶች ተቻችለው ድምሩ ለኮሚቴው እውነት መስሎ ታየ። «አጠቃላይ ውጤቱን አይለውጠውም» የተባለው ምናልባት በዚህ መንገድ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ በሥራ ዘመኔ ይህን የመሰለ ድምር ሲቀርብልኝ ግን ፈርሜ አላውቅም።

ኮደር ዘአራብሳ፦
ጋሼ፣ ከአክብሮት ጋር፣ የተጠየቅሁት «ስንት ክፍያ ገባ» የሚል እንጂ «ስንት ቤት ከፈለ» የሚል አልነበረም። በቤት ቁጥር ዲስቲንክት አድርጎ (የተደጋገመውን አንድ ጊዜ ብቻ ይዞ) መቁጠር ቀላል ነው፤ ርእሱን «ከፋዮች» ብሎ የለጠፈውን ሰው ጠይቁት።

ገንዘብ ያዥ፦
ርእሱን የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ ከተሰጠኝ ወረቀት ላይ ገልብጬ ነው። አሁን ደግሞ ጥፋቱ ወደ እኔ ዞረ።

ጡረተኛው ኦዲተር፦
ጥፋተኛ ፍለጋ አልወጣሁም። የምጠይቀው የቤት ቁጥር፣ የተከፈለበት ጊዜ እስከ ደቂቃው እና የገንዘቡ መጠን ያለበት ጥሬ መዝገብ ነው፤ እሱን ካገኘሁ በእጄም ቢሆን ቆጥሬ አስታርቀዋለሁ።

ኮደር ዘአራብሳ፦
መዝገቡ የነዋሪዎችን ስልክ ቁጥር የያዘ ስለሆነ ያለ ኮሚቴው ውሳኔ ለማንም አልሰጥም።

የሰሚቷ፦
የስልኩን ኮለም ሳትመርጥ ማውጣት ትችላለህ።

ገንዘብ ያዥ፦
ኮሚቴው የሚሰበሰበው በወሩ መጨረሻ ነው። እስከዚያው ቅጣቱ እንደተለጠፈው ይቆያል።

ባለ ሦስተኛ ፎቅ፦
እንግዲያው እኛም እስከዚያው የነሐሴን መዋጮ አንከፍልም።