ጥያቄ፦ የስትሪንግ ላይብረሪውን ማይኮች ሁሉ ስከፍት ድምፁ ይቆራረጣል፣ ማሲንቆውም አልገጥም አለ

ቶሳ (ደሴ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። በአምባሰል ቅኝት ለተሠራ ዜማ በኮንታክት (የተቀዱ የመሣሪያ ድምፆችን የሚያጫውት ፕሮግራም) የስትሪንግ (የእነ ቫዮሊንና ቼሎ) አጀብ እያዘጋጀሁ ነው። ላይብረሪው (የተቀዱት ድምፆች ስብስብ) ክሎዝ (ከቅርብ የተቀዳ)፣ ትሪ (ትንሽ ራቅ ብሎ የተቀዳ) እና ሩም (ከሩቅ፣ ከነአዳራሹ የተቀዳ) የሚባሉ 3 ማይኮች አሉት። ሦስቱንም ስከፍት ድምፁ ይቆራረጣል፤ የሩሙን ፌደር (የድምፅ መጠን ማንሸራተቻ) ዜሮ ባደርሰውም ለውጥ የለም። ላፕቶፑ 8 ጊጋ ራም አለው፣ ሳምፕሉ (የተቀዳው ድምፅ ፋይል) ያለው ሀርድ ዲስክ ላይ ነው። ሌላው ችግር ማሲንቆው ነው። የተቀዳው በአንድ ማይክ ከቅርብ ስለሆነ ስትሪንጉ ከአዳራሽ፣ እሱ ከጆሮ ሥር ይሰማል።

ሐረጎ፦
ፌደር ድምፁን ዝቅ ያደርጋል እንጂ ሳምፕሉን ከራም አያወርድም፤ ከዲስክ መነበቡም አይቆምም። ማይኩን በራሱ ማብሪያ ማጥፊያ ዝጋው፤ አብዛኞቹ ላይብረሪዎች ያኔ ያራግፉታል። ኮንታክት ላይ የሚታየው የራም ቁጥር ካልወረደ አልተራገፈም ማለት ነው።

እያንዳንዱ ማይክ ራሱን የቻለ ቅጂ ነው። 6 ኖታ ያለው ኮርድ በ3 ማይክ 18 ቮይስ (በአንድ ጊዜ የሚጫወት ድምፅ) ይሆናል። በ24 ቢት፣ 48 ኪሎኸርዝ ስቴሪዮ አንዱ ቮይስ በሰከንድ 288 ኪሎባይት ይፈልጋል፤ 18ቱ ሲደመሩ 5 ሜጋባይት ገደማ ነው። ይህ ለሀርድ ዲስክ ብዙ አይደለም። የሚያንቀው በአንድ ጊዜ 18 ቦታ እየዘለለ ማንበቡ ነው። ስለዚህ ሳምፕሉን ወደ ኤስኤስዲ አዛውረው፤ የውጭ ከሆነ ዩኤስቢ 3 ላይ ሰካው። እስከዚያው በትሪ ብቻ ጻፍ፤ ሲያልቅ ሌሎቹን እየከፈትህ ትራኩን ወደ ኦዲዮ አውጣው።

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦
ሐረጎ ያለው ልክ ነው። እኔ ስለ ሚክሱ (ድምፆቹን ስለማመጣጠን) ልጨምር። ድምፅ 1 ሜትር ለመሄድ 3 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ትሪው ከክሎዙ 4 ሜትር ቢርቅ 12 ሚሊሰከንድ ይዘገያል። ሁለቱን እኩል ከከፈትህ አንዳንዱ ፍሪኩዌንሲ እርስ በርሱ ይጠፋፋና ስትሪንጉ ይሳሳል። ትሪውን መሠረት አድርገህ ክሎዙን ከታች ቀስ እያልክ አምጣው፤ የደጋኑ ጭረት መሰማት ሲጀምር እዚያው አቁም። ከዚያ በሞኖ (ግራና ቀኙን አንድ አድርገህ) ስማው፣ ሰው የሚሰማው በስልክ ነውና። መዘግየቱን ለማቃናት ብለህ ማይኮቹን አትግፋቸው፤ ጥልቀቱ የሚመጣው ከዚያው መዘግየት ነው።

እያንዳንዱን ማይክ በየራሱ አውትፑት (መውጫ) አውጣና ሩሙን ከ150 ኸርዝ በታች ቁረጠው፤ የቼሎው ጉርምርምታ የሚከማቸው እዚያ ነው።

ለማሲንቆው፦ ሩሙን ብቻ ከፍተህ አንድ አጭር ኖታ ምታ፣ ጭራው (ከኖታው በኋላ የሚቀረው ማስተጋባት) እስኪያልቅ ስማ። ማሲንቆውን ወደ ሪቨርብ (የአዳራሽ ማስተጋባት የሚፈጥር ኢፌክት) በሴንድ (ዋናው ድምፅ ሳይነካ ቅጂውን በሚልክ መስመር) ላከውና የሪቨርቡን ርዝመት ከዚያ ጭራ ጋር አስተካክል። ፕሪዲሌዩን (ማስተጋባቱ ከመጀመሩ በፊት ያለውን ክፍተት) ከ15 እስከ 25 ሚሊሰከንድ አድርገው፤ ከዚያ ካነሰ የማሲንቆው ምት ይደበዝዛል።

ቶሳ፦
ሩሙን በማጥፊያው ስዘጋው መቆራረጡ ቆመ፣ ተባረኩ። ግን አጫጭር ኖታዎቹ ከምቱ ኋላ ይቀራሉ።

ቦርከና፦
ለአጫጭሮቹ ክሎዙን ከፍ አድርግ፣ ሩሙንም መልሰህ ስትከፍተው ዝቅ አድርገው። አሁንም ከዘገዩ ለብቻቸው ትራክ ስጣቸውና ሚዲውን (ኖታዎቹ መቼ እንደሚመቱ የሚያዘውን መረጃ) ከ20 እስከ 40 ሚሊሰከንድ ቀድሞ እንዲጀምር ሳበው። ረጃጅሞቹን ግን አብረህ አትሳብ፤ አነሳሳቸው ስለሚለይ በራሳቸው ልክ ይስተካከላሉ።