3 በገና ለ14 ተማሪ፦ ቅኝቱን እንዴት እናድርገው?

ሰላም ለእናንተ ይሁን። በሰንበት ትምህርት ቤታችን የበገና ክፍል 14 ተማሪዎችና 3 በገናዎች አሉ። በገና የሚቃኘው በደርዳሪው ድምፅ ልክ ነው፤ የተቸገርነውም እዚህ ላይ ነው። ለወፍራም ድምፅ የተቃኘውን ቀጭን ድምፅ ያላት እህት ስትይዘው ዜማው አይመቻትም፣ «ድምፅ የላትም» ተብላ ወደ ኋላ ትቀራለች። በጣም ያሳዝናል፤ ጸጋዋ ሳይታይ ይቀራልና። ለእያንዳንዱ እየፈታን ስንቃኝ ደግሞ የአንጀቱ አውታር ይላላል፣ አንዳንዴም ይበጠሳል። እንዝራው (ከአውታሩ ሥር የሚገባው ቁራጭ ቆዳ) ከበርኩማው (አውታሮቹ ከሚያርፉበት ድልድይ) ላይ ሲንሸራተት ያ የምንወደው ንዝረት ይጠፋል።

ተማሪዎቹን በድምፅ ከፍታ በ3 ቡድን ከፍለን ለየቡድኑ አንድ በገና ብንመድብስ? ጀማሪዎች ከ10ሩ አውታር 6ቱን እየደረደሩ፣ 4ቱን የጣት ማረፊያ አድርገው፣ ያለ ዜማ በትዝታ ቅኝት ጣታቸውን ያፍታታሉ። ግን በየቡድኑ ሌላውን ቅኝት፣ አንቺሆዬን፣ ለመጀመር የደረሱ አሉ፤ እነሱን ማስጠበቅ ፍላጎታቸውን ይገድላል።

ዜማ የማይሆንለት፣ የተዛባ አውታር ግን ወዲያው የሚለይ ልጅም አለ። የመቃኘቱንና እንዝራ የማስተካከሉን ሥራ ለእሱ ብንሰጠው መደርደሩን ይተወው ይሆን?

በገና የምታስተምሩ፣ በድምፅ ነው በችሎታ የምትመድቡት? ለመለማመጃው ናይለን አውታር ብናስርበትስ የጣት አመታታቸውን ያበላሻል?