እንጦጦ ላይ ቅድሚያ ለማን ነው?

ጥያቄውን ያነሳው፦
ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ከሽሮ ሜዳ በላይ 80 ያህል ሆነን እንጦጦን ስንወጣ፣ ሦስትም አራትም ሆነን ጎን ለጎን እያወራን ነበር። አንዲት እናት ከወገባቸው ጎንበስ ብለው የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው ይወርዳሉ። ጠጋ ያለላቸው ሰው የለም። በኮንጎ ጫማ፣ ጤዛ ባረጠበው ድንጋይ ላይ፣ ወደ ገደሉ ጠርዝ የወጡት እሳቸው ናቸው። እኔም ከኋላ ሆኜ ዝም አልኩ፤ እስካሁን ይቆጨኛል። በአንድ መንገድ ከ20 ሰው በላይ ባይወጣ እላለሁ። ምን ትላላችሁ?

የጉዞ አስተባባሪ፦
ስለ እናትየው ልክ ነህ። በቁጥሩ ግን አልስማማም። ፓርኩ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ሰው መብዛቱ እውነት ነው፤ ቢሆንም እኔ ጋ ከሚመዘገቡት ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው፣ ብቻቸውን ጫካ መግባት ይፈራሉ። ቤተሰብም የሚፈቅደው ብዙ ሆነን ስንሄድ ነው። የመኪናውና የአስጎብኚው ወጪ ለ20 ሲካፈል ደግሞ ተማሪው አይችለውም። ተራራው ገንዘብ ላለው ብቻ ይሁን?

ሯጭ፦
እኛ በሌሊት ተነስተን እዚያ የምንሮጠው ለመዝናናት አይደለም። በዛፎቹ መሃል አንዱ የሌላውን ዱካ እየተከተለ በመስመር ነው የምንሮጠው። «መንገድ!» ብለን ብንጮህ ኢርፎን ያደረገ ሰው አይሰማም። የልምምድ ጓደኛዬ እንደዚህ ያለ ቡድን ለማለፍ ወደ ጎን ሲወጣ የባሕር ዛፍ ሥር ጠለፈው። ቁርጭምጭሚቱ ዞሮ ስድስት ሳምንት ተኛ፤ ውድድሩም አለፈው። 20ም ሁኑ 200፣ በአንድ ረድፍ ሂዱ።

ጸበል ተመላላሽ፦
ስፒከሩንስ ማን ያንሳው? ወደ ኪዳነ ምሕረት ጸበል በሽተኛ ደግፈን ስንሄድ ዘፈን ከፍተው ያልፉናል። ለራሳችሁ በጆሯችሁ ስሙ፤ የታመመ ሰው አጠገብ ግን እባካችሁ ዝቅ አድርጉ።

ጥያቄውን ያነሳው፦
አስተባባሪው፣ የዋጋው ነገር አሳምኖኛል። እንግዲያው 80ው አንድ ላይ በመኪና መጥቶ፣ ሲወጣ በ20 በ20 ተከፍሎ፣ በመሃል ሩብ ሰዓት ይለያይ። ክረምት ላይም ጭቃውን እየሸሸን ዳር ዳሩን ስንረግጥ ሣሩ ይሞታል፣ መንገዱ በየዓመቱ ይሰፋል፣ ጎርፍም ይቦረቡረዋል። ቡት ጫማ ያደረገ ሰው ጭቃውን መርገጥ አለበት። ሌላ ቦታ ቅድሚያ ለሚወጣው ነው ይባላል። እንጦጦ ላይ ግን ሸክም ላለበት ነው መሆን ያለበት፤ ይህን መንገድ ያቀኑት ተሸካሚዎች ናቸው።

የእንጨት ተሸካሚ ልጅ፦
እናቴ በዚያ መንገድ እንጨት ተሸክማ ነው ያሳደገችን። ቁልቁለት ላይ ሸክም ይዞ መቆም ከመሄድ ይከብዳል፤ ስለዚህ ከሩቅ ስታዩ ገና ሳትደርሱ ቁሙ። ስትቆሙም በተራራው በኩል ተጠግታችሁ ነው፣ በገደሉ በኩል ቆሞ «እለፉ» ማለት እናትን ማስጨነቅ ነው። ደግሞ ሸክሟን ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ አስደግፋ ያረፈች ካያችሁ ፎቶ አታንሱ። ሜዳ ላይ ካወረደችው ብቻዋን አታነሳውም፤ «አሸክሙኝ» ትላለች። ሁለት ሰው ይበቃል፣ አንዱ ከግራ አንዱ ከቀኝ፣ ገመዱ ደረቷ ላይ እስኪስተካከል ድረስ ያዙላት።

የጉዞ አስተባባሪ፦
የፊታችን ቅዳሜ ከመነሳታችን በፊት ይህን ለሁሉም እነግራለሁ። በአራት ቡድን እንከፈላለን፣ ስፒከሩም መኪና ውስጥ ይቀራል። የሩብ ሰዓቱን ግን ገና አላመንኩበትም፤ የመጨረሻው ቡድን ፀሐይ ይበረታበታል።